ሞላላ የፊት ጊር ለማውንቴን ብስክሌት፦ ለሐረጎና ለጦሳ ዳገት የሚሆን አገጣጠም

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ በኩል ደሴ የሚገባ ብስክሌተኛ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። አስፓልቱ ላይ እስካለ ድረስ ጉልበትና ትዕግሥት ይበቃዋል። ከአስፓልት ወጥቶ ወደ ጦሳ ወይም ወደ ኩታበር በሚያወጣ የጠጠር ዳገት ላይ ሲሆን ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ፔዳሉን በኃይል በረገጠ ቁጥር የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፤ አንዱ ፔዳል ላይ ሌላው ታች ሲደርስ ደግሞ ብስክሌቱ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ሞላላ የፊት ጊር የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነት ይጨምርልዎታል ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ካለ ግን ግማሹን ብቻ ይመኑት።

የፊት ጊር የምንለው ከቀኝ ክራንክ (ፔዳሉ ከሚታሰርበት ክንድ) ጋር አብሮ የሚዞረውንና ካቴናውን የሚጎትተውን ባለ ጥርስ ብረት ነው። እዚህ የምንጽፈው ከፊት አንድ ጊር ብቻ ስላለው ብስክሌት ነው። ከፊት ሁለት ወይም ሦስት ጊር እያለ በማርሽ መቀየሪያ የሚነዳ ከሆነ ሞላላ ባይገጥሙለት ይሻላል። የፊት መቀየሪያው ክፈፍ ለረጅሙ ጎን እንዲበቃ ከፍ ሲደረግ ለአጭሩ ጎን ይርቃል፣ ካቴናውም መውደቅ ያበዛል።

ምን ይሰጣል፣ ምን አይሰጥም

እግር ፔዳልን ዙሪያውን እኩል አይገፋም። ክንዱ ወደ ፊት ተጋድሞ ቁልቁል ሲረገጥ ኃይሉ ከፍተኛ ነው። ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን የሚገፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ክብ ጊር ለብርቱውም ለደካማውም ጊዜ ያንኑ ክብደት ያቀርባል። ሞላላው በብርቱው ጊዜ ትልቅ፣ በደካማው ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይዞራል። ባለ 32 ጥርስ ሞላላ 12 ወይም 13 በመቶ ሞላላነት ካለው በረጅሙ ጎኑ እንደ 34፣ በአጭሩ ጎኑ እንደ 30 ይሰማል። ጥርሱ 32 ስለሆነ ግን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ የሚሄደው ርቀት ከክብ 32 ጋር ምንም ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ከየትም የሚመጣ ተጨማሪ ጉልበት የለም። በላብራቶሪ የተደረጉ ሙከራዎችም በአጠቃላይ ኃይል ላይ ወጥ የሆነ ትርፍ አላሳዩም። የሚለወጠው የኃይሉ አወራረድ ነው፦ ጎማው ላይ የሚደርሰው ግፊት ድንገት ከፍ ድንገት ዝቅ ማለቱ ይቀንሳል። ጎማ የሚንሸራተተው ግፊቱ ከፍተኛ በሆነባት ቅጽበት በመሆኑ፣ ጠጠርና ደረቅ አፈር ላይ በዝግታ የሚወጣ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ያገኘዋል። በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በደቂቃ 90 ዙር እየረገጠ የሚበር ሰው ግን ብዙም ላይሰማው ይችላል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ብዙ ጊዜዎን የሚያሳልፉት በየትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ ያስቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለአሮጌ ብስክሌት ባለቤቶች፦ በ1980ዎቹ ሺማኖ «ባዮፔስ» የሚል ሞላላ ጊር ይሠራ ነበር። ያገለገለ ብስክሌት ላይ ይህ ጽሑፍ ተቀርጾበት ቢያገኙ ከዛሬዎቹ ጋር አንድ እንዳይመስልዎ። የባዮፔስ ረጅም ጎን የሚውለው እግር በሚደክምበት ቦታ ላይ ነበር፤ የዛሬዎቹ ተቃራኒ ናቸው። ብራድሊ ዊጊንስ በ2012 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ክብ ባልሆነ የፊት ጊር ነው፤ የእሱም ከባዮፔስ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ክራንኩን ይለዩ

ጊሩ ከክራንኩ ጋር በሪቬት ከተመታ፣ ማለትም የሚፈታ ብሎን ከሌለው፣ ሞላላ ጊር አይገጠምለትም። ሪቬቱን በድሪል አውጥቶ በብሎን ለመተካት መሞከር ትርፉ ድካም ነው፤ የቀዳዳዎቹ ርቀት ከየትኛውም ጊር ጋር ስለማይገጥም ክራንኩን በሙሉ መቀየር ይቀላል።

በብሎን የታሰረ ከሆነ የጎረቤታም ብሎኖችን ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ይለኩ። አራት ብሎን ኖሮት ርቀቱ ወደ 73.5 ሚሊሜትር ከሆነ የብሎኖቹ ክብ ዲያሜትር 104 ነው፤ ማውንቴን ላይ በብዛት የሚገኘውና ሞላላ ጊር በቀላሉ የሚገኝለትም እሱ ነው። ወደ 45 ሚሊሜትር ከሆነ የለኩት የውስጠኛውን ትንሽ ጊር ብሎኖች (64) ነውና ወደ ውጭ ይሂዱ። አምስት ብሎን ኖሮት ርቀቱ 64.7 ገደማ ከሆነ 110 ነው። ርቀቶቹ እርስ በርስ የማይተካከሉ ከሆነ ክራንኩ ወጣ ገባ አደራደር ያለው የሺማኖ 96 ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ጊር ብቻ ይገባዋል። ብሎን የሚያስሩ እጆች የሌሉት፣ ጊሩ በቀጥታ ክራንኩ ላይ የሚቀመጥም አለ። ይህ ከአምራች አምራች ይለያያል፦ የስራም (SRAM) በሦስት ትንንሽ ባለ ኮከብ ብሎኖች፣ የሬስ ፌስና የአዳዲሶቹ ሺማኖ በአንድ ትልቅ ቀለበት ይታሰራሉ። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ጊሩን ከውጭ በሚመጣ ሰው የሚያስልኩ ከሆነ ሦስት ነገር ጽፈው ይላኩ፦ የክራንኩን ስምና ሞዴል (ከክንዱ ጀርባ ይቀረጻል)፣ የለኩትን ርቀት፣ የካቴናዎን የማርሽ ብዛት። የማርሽ ብዛቱ የሚያስፈልገው በካቴናው ስፋት ምክንያት ነው። የባለ 9 እስከ ባለ 12 ማርሽ ካቴና የውስጥ ስፋት ከባለ 7 እና ባለ 8 ያንሳል። አንድ ወፍራም አንድ ቀጭን እያለ የተደረደረ ጥርስ ያለው ጊር በባለ 8 ካቴና ላይ ይዞራል፣ ግን አጥብቆ አይዝም። ሃይፐርግላይድ ፕላስ የሚባለው የሺማኖ ባለ 12 ካቴና ደግሞ የራሱን ዓይነት ጥርስ ይፈልጋል፤ ሻጩን ሳይጠይቁ አይግዙ።

ስንት ጥርስ?

አሁን በክብ 32 የሚነዱ ከሆነ ሞላላ 32 ይግዙ። አንዳንድ ሻጮች «ሞላላ ቀላል ስለሆነ ሁለት ጥርስ ይጨምሩ» ይላሉ። ሜዳ አገር ላይ ሊያስኬድ ይችላል፤ ለደሴ አንመክረውም። 2,500 ሜትር አካባቢ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል፣ ዳገቱም አጭር አይደለም።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። 29 ኢንች ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ወደ 2.3 ሜትር ይሄዳል። ከፊት 32 ከኋላ 42 ከሆነ በአንድ የፔዳል ዙር 1.75 ሜትር ይወጣሉ፤ በደቂቃ 70 ዙር ሲረግጡ በሰዓት 7.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከፊት 30 ከኋላ 46 ቢሆን በዚያው አረጋገጥ 6.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቁልቁል ሲመለሱ በ30 እና በ11 ጥርስ በደቂቃ 90 ዙር ረግጠው 34 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳሉ። ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ከዚያ በላይ ለመርገጥ የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ የጭነት መኪናውና ኩርባው ይበቃል። ስለዚህ ጊሩን ለመውጣት ይምረጡት። የኋላ ትልቁ ጥርስዎ 42 ወይም ከዚያ በታች ከሆነና አፈር ዳገት የሚያበዙ ከሆነ 30 ይውሰዱ።

ቦታ ይበቃል ወይ?

ሞላላ ጊር በረጅሙ ጎኑ ከቁጥሩ ሁለት ጥርስ የሚበልጥ ክብ ጊርን ያህል ቦታ ይፈልጋል። ይህን ሳይለኩ የገዙ ሰዎች ጊሩ በየግማሽ ዙሩ ፍሬሙን ሲፍቅ ያገኙታል። ከክራንኩ መሃል ጀምሮ ጊሩ በሚቆምበት መስመር ላይ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የታችኛው ቱቦ ድረስ በማስመሪያ ይለኩ። ካቴናውን ጨምሮ ሦስት ሚሊሜትር ክፍተት እንዲተርፍ ለሞላላ 30 ወደ 72፣ ለ32 ወደ 76፣ ለ34 ወደ 80 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ርቀቱ ካነሰ መፍትሔው አነስ ያለ ጊር እንጂ ፍሬሙን መሞረድ አይደለም።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ባለ 5 እና ባለ 8 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ፣ እንደ ክራንኩ ዓይነት የክራንክ መንቀያ፣ የካቴና መፍቻ፣ ግራሶ፣ ነጭ ጋዝ፣ ብሩሽና ጨርቅ። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ካለዎ መልካም ነው። ከሌለዎ የሚንጠለጠል የእጅ ሚዛን ይሠራል፦ ከብሎኑ መሃል 10 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ የቁልፉን ክንድ በሚዛኑ መንጠቆ ይዘው፣ ከክንዱ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ሲስቡት 10 ኪሎ ካሳየ 10 ኒውተን ሜትር ያህል አጥብቀዋል ማለት ነው።

አገጣጠሙ

1. ካቴናውን ከኋላ ትንሹ ጥርስ ላይ ያድርጉትና ከፊት ጊሩ ላይ ወደ ውስጥ ያውርዱት። ገና ካልደከመ ከነሙሉው መፍታት አያስፈልግም።

2. ክራንኩን ያውጡ። ግራ ክንዱ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ብሎን ያለው የሺማኖ ሆሎቴክ ከሆነ ሁለቱን ብሎኖች በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ፣ የጫፉን የፕላስቲክ ክዳን ይፍቱ፣ በሁለቱ ብሎኖች መሃል ያለችውን የፕላስቲክ ምላስ ያንሱ፤ ከዚያ ክንዱ በእጅ ይወጣል። ዘንጉን በጎማ መዶሻ ወደ ቀኝ ያስወጡት፣ በብረት መዶሻ በፍጹም። አራት ማዕዘን ዘንግ ያለው የድሮ ክራንክ ከሆነ ብሎኑን ከፈቱ በኋላ መንቀያውን በእጅ እስከ መጨረሻው ያስገቡ። ክራንክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መንቀያው ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ ሲጠበቅ የአሉሚኒየሙ ክር ተገፎ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ክራንኩ በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም። ክሩ ውስጥ ያለውን አፈር በመርፌ ጠርገው ጋዝ ያንጠባጥቡበት፤ በእጅ ካልገባ አያስገድዱት።

3. የድሮዎቹን ጊሮች ይፍቱ። ብሎኑ ከነዳዶው አብሮ የሚዞር ከሆነ ከኋላ ያለው ዳዶ ላይ ስንጥቅ አለች፤ ሰፊ ካቻቪቴ ወይም ለዚሁ የተሠራውን መያዣ አስገብተው ይያዙት። ባለ ሦስት ጊር ክራንክ ከሆነ ትልቁንም ትንሹንም ያውጡ። ሞላላው የሚቀመጠው በመካከለኛው ቦታ፣ በእጆቹ የውስጥ በኩል ነው።

4. የእጆቹን ማረፊያ በጋዝና በብሩሽ እስኪያበራ ያጽዱ። ሥር የቀረች የአሸዋ ቅንጣት ጊሩን ታጣምማለች፣ በኋላም ሲጮህ ምክንያቱ አይገኝም። ማረፊያውንም የብሎኖቹን ክርም በስሱ ግራሶ ይቀቡ።

5. ጊሩን በትክክለኛው አቅጣጫ ያስቀምጡ። የዚህ ሥራ ልቡ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። አብዛኞቹ ጊሮች ላይ ነጥብ፣ ቀስት ወይም ትንሽ ጉብታ አለ፤ ከክራንኩ ክንድ ጋር እንዲገጣጠም ነው የተደረገው። አራት ብሎን ስላለው ጊሩ በአራት አቀማመጥ ሊገባ ይችላል። በ180 ዲግሪ ቢዞር ቅርጹ ያው ነው፣ አረጋገጡ ላይ ለውጥ አያመጣም። በ90 ዲግሪ ከዞረ ግን ሁሉ ነገር ይገለበጣል፦ ብርቱ ሲሆኑ ቀላል፣ ሲደክሙ ከባድ ይሆንብዎታል።

ምልክቱ የጠፋ ወይም የማያምኑት ከሆነ በዓይን ያረጋግጡ። በቀኝ በኩል ቆመው ክንዱን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያቁሙት፤ የጊሩ ረጅም ጎን ጋደም ያለ፣ የፊት ጫፉ ብቻ ትንሽ ቀና ያለ መሆን አለበት። ክንዱን ወደ ፊት ሲያጋድሙት ረጅሙ ጎን ሊቆም ጥቂት ይቀረዋል፣ የላይኛው ጫፉም ወደ ኋላ ያዘነብላል። ክንዱ ከአግዳሚው 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ሲል ረጅሙ ጎን ቀጥ ብሎ ይቆማል። እግር ከፍተኛውን ኃይል የሚሰጠው እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው እንዲህ የተሠራው። ክንዱ ወደ ላይ ቆሞ እያለ ረጅሙ ጎንም አብሮ ወደ ላይ ከቆመ በ90 ዲግሪ ስተዋል፤ ፈትተው ያዙሩት።

6. ብሎኖቹን ያስገቡ። ለሁለት ጊር የተሠራ ረጅም ብሎን ለአንድ ጊር አይሆንም፦ ብሎኑና ዳዶው መሃል ላይ ተጋጥመው የጠበቀ ይመስላል፣ ጊሩ ግን ይንቀጠቀጣል። ለአንድ ጊር የሚሆን አጭር ብሎን ያግኙ። ካጡ በትልቁ ጊር ቦታ ላይ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያላት ሮንዴላ ጣል ያድርጉ፣ ወይም ቶርኖ ቤት ወስደው የዳዶውን ቱቦ ያሳጥሩት። ቶርኖ ቤት ለዚህ ዓይነት ሥራ ጥሩ ነው። «ሞላላውንም ከላሜራ እንቆርጥልሃለን» ከተባሉ ግን አመስግነው ይውጡ፤ የጥርሱ ቅርጽ በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ነው።

7. በሰያፍ እያፈራረቁ በሦስት ዙር ያጥብቁ። የብረት ብሎን 12 እስከ 14 ኒውተን ሜትር፣ የአሉሚኒየም ብሎን 8 እስከ 10። የአሉሚኒየሙን ከዚያ ካለፉ ጭንቅላቱ ተቆርጦ እጅዎ ላይ ይቀራል። በቀጥታ ክራንኩ ላይ ለሚታሰረው ጊር የአምራቹን ቁጥር ይከተሉ።

8. ክራንኩን ይመልሱ። ለሆሎቴክ መጀመሪያ የፕላስቲኩን ክዳን በጣት ጫፍ ጥንካሬ ብቻ (0.7 እስከ 1.5 ኒውተን ሜትር)፣ ከዚያ ምላሷን ወደ ቦታዋ፣ ከዚያ ሁለቱን ብሎኖች በየተራ 12 እስከ 14። ክዳኑን አለቅጥ ካጠበቁት ኩሽኔታው ታፍኖ ቶሎ ያልቃል። ለአራት ማዕዘን ዘንግ የክራንኩ ብሎን 35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ ይህ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ከመጀመሪያው ዳገት በኋላ ደግመው ይፈትሹት፣ ይላላልና።

ካቴናው

አዲስ ጊር በተለጠጠ ካቴና ላይ አይገጠምም። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስተው 24 ዓይን ይቁጠሩ፤ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306.3 ከደረሰ ለባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ የመቀየሪያው ጊዜ ነው፤ 307 ከሆነ ለማንኛውም ይቀየር። የተለጠጠ ካቴና አዲሱን ጊር በአጭር ጊዜ ይበላዋል፣ ከዚያ ጥፋቱ የሞላላው ይመስላል። በጀቱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ካቴናውን ይግዙ፤ ጊሩ ይቆይ።

ርዝመቱን ሲወስኑ ካቴናውን በኋላ መቀየሪያው ውስጥ ሳያሳልፉ በፊት ጊሩና በኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ጠቅልለው ጫፎቹን ያገናኙ። ክራንኩን በእጅ ቀስ እያደረጉ ያዙሩና ካቴናው ብዙ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ ያቁሙት፤ ክብ ጊር ላይ ይህ አያስፈልግም ነበር። ከተገናኘበት ላይ ቢያንስ ሁለት ዓይን ይጨምሩ፤ የኋላ ትልቁ ጥርስ 46 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አራት። የማርሹ አምራች የሰጠው ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል። የኋላ አሞርተር ያለው ብስክሌት ከሆነ አየሩን አውጥተው ጎማው እስከ መጨረሻው ሲጫን ይለኩ፤ ብዙ ፍሬሞች ላይ ጎማው ሲጫን ካቴናውን ይስባልና። ያጠረ ካቴና ሲወጠር መቀየሪያውን ይሰብራል።

ጊሩ ላይ ሲያስቀምጡት ወፍራሙ ጥርስ የካቴናው ሰፊ ዓይን ውስጥ፣ ቀጭኑ በጠባቡ ውስጥ ይግባ። በአንድ ከሳቱ ካቴናው ጥርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ሁለት ዙር ሳይሄድም ይወድቃል። ብዙ ጊዜ «አዲሱ ጊር አልሠራም» የሚባለው ይቺው ናት።

ከመውጣትዎ በፊት

ብስክሌቱን አንጠልጥለው ፔዳሉን ያዙሩ። ካቴናው ከፍ ዝቅ ማለቱና የኋላ መቀየሪያው ክንድ በየግማሽ ዙሩ ጥቂት ሚሊሜትር ወዲያ ወዲህ ማለቱ የሞላላ ጠባይ ነው። ጊሩ ወደ ጎን ከተንገዋለለ ግን ወይ ማረፊያው ቆሽሿል፣ ወይ ብሎን ላልቷል፣ ወይ ጊሩ ጠሟል። የካቴና መጠበቂያ ካለ ረጅሙ ጎን ከላይ በሚሆንበት ጊዜ ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት እንዲኖረው ከፍ ያድርጉት። የኋላ መቀየሪያዎ የካቴናውን መንጠልጠል የሚይዝ ማጥበቂያ (ክላች) ካለው ያብሩት። ከሌለው፣ በተለይ የባለ 7 ወይም ባለ 8 ማርሽ ብስክሌት ከሆነ፣ በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ካቴና መውደቁ አይቀርምና የላይ መጠበቂያ ይግጠሙለት።

መንገድ ላይ

በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ፔዳሉ ቁልቁል ሲሄድ የሚዘገይ፣ ላይና ታች ሲደርስ የሚያመልጥ ይመስልዎታል። እግር የለመደውን ምት ስለሚጠብቅ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው በጥቂት ጉዞ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ያህል ሳይነዱበት አይፍረዱበት፣ በመሃሉም ወደ ክብ ጊር ባለ ብስክሌት አይመላለሱ። ከሳምንታት በኋላም መንቀጥቀጡ ካልተወዎት አቅጣጫውን እንደገና ያረጋግጡ።

መልመጃው አስፓልት ላይ ይሁን፤ ከኮምቦልቻ ሐረጎን በዝግታ፣ ተቀምጠው፣ በደቂቃ ከ65 እስከ 80 ዙር። ቆሞ መርገጥ የሞላላውን ጥቅም ይቀንሰዋል፣ ምክንያቱም ቆመው ሲረግጡ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው ክንዱ ይበልጥ ዝቅ ብሎ ነው። አፈር ዳገት ላይ ሲደርሱ ወደ ወንበሩ ፊት ጫፍ ይጠጉ፣ ደረትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ያቅልሉ። በክብ ጊር ጎማዎ የሚያመልጥበትን አንድ የሚያውቁትን ዳገት ይምረጡና በዚያው ማርሽ ይሞክሩት፤ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ነው። የጎማው አየር ግን ከጊሩ የበለጠ ለውጥ እንደሚያመጣ አይርሱ፤ እንደ ድንጋይ በተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ የሚንሸራተት ሰው ሞላላ አያድነውም።

ጉልበትዎን ከፊት በኩል ካመመዎ ጊሩን ከመክሰስዎ በፊት ወንበሩን ይመልከቱ። ከታች በደረሰው ፔዳል ላይ ተረከዝዎን ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ብዙ ሰው ወንበሩን ዝቅ አድርጎ፣ ማርሹን አክብዶ ነው የሚነዳው።

ድምፅ፣ ጭቃና እርጅና

በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ «ጭ» የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ የጊሩን ብሎኖች፣ ቀጥሎ ፔዳሉን፣ ቀጥሎ የክራንኩን ብሎን ይፈትሹ። ደርቆ የታሰረ ብሎን ጠብቆም ይጮኻል፤ ፈትተው ግራሶ ይቀቡት። ትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ ጊሩ ወደ ውጭ ርቋል ማለት ነው፤ ባለ ሦስት ጊር ክራንክ ላይ በስህተት በትልቁ ቦታ ተገጥሞ እንዳይሆን ይመልከቱ።

ክብ ጊር ሲበላ በ90 ዲግሪ አዙሮ ዕድሜውን ማስረዘም ይቻል ነበር። ሞላላ ላይ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ኃይሉ ሁልጊዜ በእነዚያው ሁለት ቦታ ስለሚያርፍ ቀድመው የሚሾሉት በዚያ ያሉት ጥርሶች ናቸው፤ ጊሩን በጠቅላላ ሳይሆን እነሱን ለይተው ይመልከቱ። ጫፋቸው ወደ አንድ ጎን ከተጎነበሰ ጊዜው አልፏል።

በበጋ የኮምቦልቻ አቧራ ላይ የሞተር ዘይት ካቴናው ላይ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ዘይቱ አቧራውን ይዞ ጥርስ የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥበው፣ አድርቀው፣ ቀጭን ዘይት በእያንዳንዱ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ ከዚያ ውጩን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

በክረምት የደሴ ጭቃ ሌላ ጣጣ አለው። ጭቃ የለበሰ ካቴና ከጊሩ ታች መላቀቅ አቅቶት ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና በጊሩና በፍሬሙ መሃል ይሰነቀራል። የሚሰማዎት ፔዳሉ ድንገት ሲያዝ ነው። እዚያው ላይ መርገጥዎን ያቁሙ፤ አንድ ጊዜ በኃይል ከረገጡ ወይ የፍሬሙ ቱቦ ይፋቃል ወይ ካቴናው ይጠመዘዛል። ወርደው ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ካቴናውን በእጅ ይልቀቁት፣ ከያዙት ኮዳ ውኃ አፍስሰው የጊሩን ጥርሶች ያጥቡ፣ ከዚያ ዘይት ያድርጉለት። ታጥቦም ንጹሕ ሆኖም ደጋግሞ የሚሰነቀር ከሆነ ምክንያቱ ጭቃው ብቻ አይደለም፤ የጥርሶቹን ሹልነትና የካቴናውን ርዝመት በማስመሪያ ይለኩ።